ስሙን ጠርተው ይጸልዩለት

ፓስተር ሽፈራው ረቡዕን መጥላት የጀመረው በዚያ ክረምት ነው። እሑድን የሚሰለች ፓስተር አይጠፋም፤ እሑድ ማይክ ይጮኻል፣ የመዘምራኑ መሪ የስብከቱን ሰዓት ይበላል፣ ሽማግሌዎቹ ስብሰባው ካለቀ በኋላ ስለ ስብሰባው ሌላ ስብሰባ ይጠራሉ። ረቡዕ ግን ለእሱ የዕረፍት ያህል ነበር። ከምሳ በኋላ ቢሮው ቁጭ ብሎ ጸሎት ፈልጎ የመጣውን መቀበል ነው። አንዷ ቪዛዋ ዘግይቶባታል፣ አንዱ ከሚስቱ ጋር መነጋገር አቁሟል፣ ሌላው አለቃው አላሠራ ብሎታል። ሽፈራው ለሁሉም ይጸልያል፣ ሁሉም አሜን ብሎ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ሥራው ይኸው ነው፤ ደግሞም ይችልበት ነበር።

በዚያ ክረምት ግን ረቡዕ ማለት እማማ አሰገደች ማለት ሆነ። እማማ አሰገደች የሚመጡት ለልጃቸው ለአሌክስ ለማስጸለይ ነው። አሌክስ ደግሞ ሞቷል። ፓስተሩ ያውቃል፤ እናቱ አያውቁም።

ጸሎት ቤቱ ከመገናኛ ወደ ገርጂ ሲኬድ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተከራዩት አዳራሽ ነው። ከሥሩ ጂም ቤት አለ፤ ብረት በተጣለ ቁጥር የፓስተሩ ቢሮ ወለል ይነጥራል። ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል። እማማ አሰገደች ጉልበታቸውን ይዘው፣ በየደረጃው እያረፉ፣ «ጌታ ሆይ፣ ጌታ ሆይ» እያሉ ሲወጡ ድምፃቸው ከቢሮው ድረስ ይሰማል። ሽፈራው ያን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑ መውጫ ይፈልጋል። አንድ ሁለቴ በጓሮ በር ወርዶ ሊጠፋ አስቦ ያውቃል። ያልጠፋው ጀግና ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ሕንፃው የጓሮ በር የለውም።

ነገሩ የተጀመረው በሰኔ ነው። አሌክስ እንደ ብዙዎቹ የሆሳዕና ልጆች በሞያሌ በኩል ወጥቶ፣ ስንት አገር አቆራርጦ ደቡብ አፍሪካ ገባና ከጆሃንስበርግ ወጣ ባለ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ከፈተ። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ዘራፊዎች ገቡበት፣ ተኮሱበት፣ ሄዱ። ጓደኞቹ እዚያው ቀበሩትና ለእህቱ ለማኅደር ደወሉ። ማኅደር ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች፤ ስልኩን ያነሣችው ደንበኛ ፊት ነው። ለደንበኛዋ ትኬቱን ቆርጣ፣ «መልካም ጉዞ» ብላ ሸኝታ፣ መጸዳጃ ቤት ገብታ ስካርፏን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ለፓስተሩ ደወለች።

በማግሥቱ ሃያ ሁለት አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኙ። ማኅደር፣ ፓስተር ሽፈራውና አቶ ወልደጻድቅ። አቶ ወልደጻድቅ የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ጾም የማይገድፉ ኦርቶዶክስ። መርዶ ላይ ግን ሃይማኖት አይለዩም። በሰፈሩ ማን መቼ እንደሚረዳ፣ በማን አፍ እንደሚረዳ፣ ከሥራ በፊት ይሁን ከሥራ በኋላ፣ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ልብ ድካም ላለበት አንድ ዓይነት መርዶ አላቸው፣ ለነፍሰ ጡር ሌላ።

«ሐኪሙ ምን አለ?» ሲሉ ጠየቁ።

ማኅደር ዓይኗ አብጧል። «ቀኝ ዓይኗ ሞራው የተነሣላት ባለፈው ሳምንት ነው። እንዳታለቅስ፣ እንዳታጎነብስ፣ ሳል እንኳ ቢመጣባት እንድትጠነቀቅ ነው ያለው። ግራው ደግሞ ገና ነው፤ ይኼኛው ሲድን ነው የሚሠራላት። ጋሼ ወልደጻድቅ፣ አሁን ከነገርናት ዓይኗን ታጣለች። እሱንም አጥታ፣ ዓይኗንም አጥታ...» አልጨረሰችውም።

«እንግዲያማ መርዶ የለም» አሉ አቶ ወልደጻድቅ፤ «ሁለቱም ዓይን እስኪድን ይቆያል። ስልኩ ጠፍቷል፣ ቦታ ቀይሯል ይባላል። ሌላውን ለእኔ ተዉት።» ከዚያ ወደ ሽፈራው ዞሩ። «ፓስተር፣ እርስዎ ካሉ ነው። ዞሮ ዞሮ የሚያረዱት እርስዎ ነዎት። እሳቸው ከእርስዎ አፍ ካልሰሙ አያምኑም።»

ሽፈራው ማኪያቶውን አማሰለ። የማኅደርን ፊት አየ። አንዲት አሮጊት በጨለማ ቁጭ ብለው ልጃቸውን ሲያለቅሱ ታየው። «እሺ» አለ፤ «ዓይናቸው ይዳን።» ይህን ሲል አስተዋይ ሰው የሆነ መሰለው። ደግሞ የተጠየቀው ዝም እንዲል ነው፤ እንዲናገር የጠየቀው የለም። ስለ ረቡዕ ማንም አላነሣም፤ እሱም አላሰበውም።

ሰፈሩ ምስጢር መያዝ ሲፈልግ ያስገርማል። በሌላ ጊዜ የማን ልጅ ከማን ጋር ታየች የሚለው ነገር ከገርጂ ተነሥቶ ጎሮ የሚደርሰው በግማሽ ቀን ነው። አሁን ግን ሁሉም አፉን ዘጋ። እማማ አሰገደች ቅቤና ቆጮ የሚሸጡባት ሱቅ ጋ የሚመጡ ሴቶች የሐዘን ፊታቸውን በር ላይ ትተው ይገባሉ። የሆሳዕና ልጆች ቴሌግራም ላይ የለጠፉት የአሌክስ ፎቶ፣ ሻማ ያለበት፣ ማኅደር እየለመነች እንዲነሣ ተደረገ። ደግነቱ የእናትየው ስልክ በቁልፍ የምትነካ፣ ከመደወልና ከባትሪ ሌላ ምንም የሌላት ናት። ማኅደር ጥቁር ልብሷን ቢሮ አስቀምጣ፣ እዚያ እየለበሰች እዚያ እያወለቀች ወደ ቤቷ ትገባለች።

የመጀመሪያው ረቡዕ እማማ አሰገደች በቀኝ ዓይናቸው ላይ የላስቲክ ክዳን ተለጥፎ መጡ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቁና፣ «ፓስተር፣ ልጄ ስልክ አያነሣም» አሉ።

«ቦታ ቀይሮ ይሆናል እማማ።»

«ማኅደርም እንደዚያው ነው ያለችኝ። እኔ ግን ሆዴ አላርፍ አለ። ይጸልዩለት።»

ሽፈራው ይህችን ሊያመልጥ አሰበ። ጠቅላላ ጸሎት የሚባል ነገር አለ፤ ማንንም ሳይነካ ሁሉን የሚያዳርስ። ተነሥቶ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ፣ ጌታ በስደት ያሉትን ሁሉ እንዲያስብ፣ እናቶችን ሁሉ እንዲያጽናና፣ ፈቃዱም እንዲሆን ጸለየ። አሜን ብሎ ዓይኑን ሲገልጥ እማማ አሰገደች ቅር ብሏቸው ቁጭ ብለዋል።

«ስሙን እኮ አልጠሩትም» አሉት።

«ጌታ ያውቀዋል እማማ።»

«እሱ ያውቀዋል፤ እኔ ግን ልስማው። ስሙን ጠርተው ይጸልዩለት።»

ምን ያድርግ? እንደገና ዓይኑን ጨፈነ። ምላሱ የሚተሳሰር፣ ድምፁ የሚቆረጥ፣ የሚጋለጥ መስሎት ነበር። ምንም አልሆነም። «አባት ሆይ፣ ልጅህን አሌክስን በእጅህ አደራ እንሰጥሃለን። ባለበት ሁሉ ጠብቀው፤ መግቢያውንና መውጫውን ባርክ፤ ከክፉ ሰው እጅ ሰውረው፤ በሰላም ከእናቱ ጋር ለዓይነ ሥጋ አብቃው።» ቃሉ እንደ ልማዱ ተከታትሎ መጣ። የድምፁ መንቀጥቀጥ እንኳ ልክ በሚገባው ቦታ ነበር የገባው። እማማ አሰገደች «አሜን፣ አሜን» ብለው፣ እጁን ስመው፣ ደረጃውን ወረዱ። ሽፈራው ብቻውን ሲቀር ከሐዘኑ ይልቅ ያስደነገጠው አለመቸገሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ረቡዕ በመጣ ቁጥር ጸሎቱ እየረዘመ ሄደ፤ ምክንያቱም እማማ አሰገደች ዝርዝር ይዘው መምጣት ጀመሩ። አሌክስ ጨጓራ አለበት፤ ቃሪያ አይተውም፤ ስለ ጨጓራው ይጸለይለት። እዚያ አገር አሁን ብርድ ነው አሉ፤ ልብስ አይደርብም፤ ጌታ ያሙቀው። ሴት ልጅ ይወዳል፤ ከመጥፎ ሴት ይጠበቅ። ሽፈራው ሁሉንም ጸለየ። ከመሬት በታች ላለ ሰው ሙቀት ለመነ። ታች ጂም ቤት ሙዚቃው ይደልቃል፣ ብረት ይወድቃል፣ ወለሉ ይነጥራል፣ እሱ ደግሞ ስለ ሞተ ልጅ ጨጓራ ፈጣሪን ያስቸግራል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ምንትዋብ ታየዋለች። ማዕድ ሲቀርብ የሚያደርገው ጸሎት አጥሮ አጥሮ «ባርክልን አሜን» ብቻ ሆኗል።

«ምነው ሽፌ፣ ጌታም እንደኛ መብራት ጠፋበት እንዴ?» አለችው አንድ ምሽት፣ ልታስቀው።

«ደክሞኝ ነው።»

«የእማማ አሰገደች ነገር ነው። ዓይናቸው ይድናል፣ ይነገራቸዋል፣ ያልቃል። ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ አንተ ምን ልዩ አደረግህ?» እንጀራውን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። እውነቷን ነው፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። የገዛ እናቱ ሲሞቱ እሱንም ፈተናውን እስኪጨርስ ደብቀውት ነበር፤ በኋላ ያዘነባቸው ሰው የለም።

ራሱን የሚያጽናናው በዳዊት ታሪክ ነበር። የዳዊት ሕፃን ታሞ፣ ንጉሡ ጾሞ፣ መሬት ተኝቶ ሲለምን ሰነበተ። ሕፃኑ ሲሞት አገልጋዮቹ ለመንገር ፈሩ፤ በሕይወት ሳለ እንኳ ቃላችንን ያልሰማ፣ ሞቷል ብንለው በራሱ ላይ ምን ያደርግ ይሆን ተባባሉ። ሽፈራው ይህን ክፍል ስንት ጊዜ ሰብኮበታል፤ እነዚያን ፈሪ አገልጋዮች ግን ልብ ብሎ ያያቸው አሁን ነው። ወደዳቸው። ፍርሃታቸው ከፍቅር የመጣ ነው ብሎ ደመደመ። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን ቶሎ ያልፈው ነበር፤ ዳዊት ሲንሾካሾኩ አይቶ ሞተ ወይ ብሎ በጠየቃቸው ጊዜ አገልጋዮቹ ሞቷል አሉት። እማማ አሰገደች ደግሞ እስካሁን አልጠየቁም፤ ካልጠየቁ ምን ይበላቸው? በዚህች ተሸሽጎ ሐምሌን ጨረሰ።

ነሐሴ ላይ የግራ ዓይናቸው ተሠራ። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ፣ እማማ አሰገደች ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሽፈራው መድረክ ላይ ሆኖ አያቸው። ማይኩን የያዘችው ልጅ ፓስተሩን አየችው፤ እሱ ምንም ምልክት መስጠት አልቻለም። ሰጠቻቸው።

«ጌታ ይባረክ» አሉ እማማ አሰገደች። «ልጄ ድምፁ ከጠፋብኝ ቆየ። መጀመሪያ እንቅልፍ አጣሁ። አሁን ግን ተኛሁ። ፓስተሬ ረቡዕ ረቡዕ ስሙን እየጠራ ሲጸልይለት ሰላም ገባኝ። የሞተ ሰው ቢሆን እንደዚያ አይጸለይለትም። የጌታ ሰው ሲጸልይ ይሰማዋል፤ አይደለም ወይ? ልጄ ይመጣል! ሲመጣ እዚህ አቆመዋለሁ። አብራችሁኝ አመስግኑልኝ!»

አዳራሹ ውስጥ ነገሩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ለትንሽ ጊዜ ሁሉም ተፋጠጠ። ከዚያ ከኋላ አንዱ ሽማግሌ፣ ዝምታው ከብዶበት መሰለኝ፣ «ሃሌ ሉያ» አለ። ሌላውም አለ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ አለ፤ እልልታም ተጨመረበት። መዘምራኑ ፊታቸውን በመዝሙር ልብሳቸው እጅጌ ሸፍነው ያለቅሳሉ። ማኅደር መቀመጫው ላይ ጎንበስ ብላ ትንቀጠቀጣለች። እማማ አሰገደች ዞር ዞር ብለው ሕዝቡን አዩና፣ ስለ እሳቸው ደስታ የሚያለቅስ መስሏቸው፣ እጃቸውን እያወዛወዙ «ተባረኩ፣ ተባረኩ» አሉ። ሽፈራው ከመድረኩ ላይ አብሮ አጨበጨበ። እኔ የዚህን ሰው ታሪክ ስናገር እዚህ ቦታ ላይ ብዘለው ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን አጨብጭቧል።

ከፕሮግራሙ በኋላ ማኅደርን ደረጃው ሥር ያዛት። «ዛሬ እንንገራቸው። አሁኑኑ። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ፓስተር በጌታ ስም! ሐሙስ እኮ ነው የግራው የሚከፈተው። ይህን ሁሉ ችለን መጥተን ለአራት ቀን ብለን?» እጁን ይዛ ለመነችው። «ቅዳሜ ጠዋት። ጋሼ ወልደጻድቅም ቅዳሜ ብለዋል።»

በመሃል ረቡዕ አለ ሊላት ፈልጎ ነበር። ፊቷን ሲያየው ተወው። ልጅቱ ወንድሟን እንኳ በወጉ ያላለቀሰች ናት።

ረቡዕ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። እማማ አሰገደች እንደማይመጡ ተስፋ አደረገ፤ መጡ። ጃንጥላቸውን በር ላይ አስደግፈው ቁጭ አሉ። እንደ ወትሮው ዝርዝራቸውን አልጀመሩም።

«ፓስተር፣ ዛሬ ሾላ ገበያ ቅቤ ላመጣ ሄጄ አንዲት የሰፈራችን ልጅ አቅፋኝ አለቀሰች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ናፍቀውኝ ነው አለችኝ። ባለፈው ሳምንት እኮ ተገናኝተናል። ምን ያናፍቃታል?»

ሽፈራው ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ቅዱስ አስተካከለ።

«ማኅደርም ስጠይቃት ዓይኔን አታየኝም። ሰዉ እኔ ስገባ ጨዋታ ይቀይራል። ለማንም አላልኩም፤ ለእርስዎ ነው የምለው።» ባልተሸፈነው ዓይናቸው አተኩረው አዩት። «እርስዎ የጌታ ሰው ነዎት፤ እርስዎ አይዋሹኝም። ልጄ በሕይወት አለ?»

ጥያቄው መጣ። ዳዊት የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ መልሱም አንድ ቃል ነው። ሽፈራው አፉን ከፈተ። የላስቲክ ክዳኑን አየ፤ ነገ የሚነሣ ነው። የማኅደርን ልመና አሰበ። የሚጮኹ፣ መሬት የሚወድቁ፣ ብቻውን የማያነሣቸው መሰለው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ግን ከሁሉ በላይ የፈራው ለእሳቸው አልነበረም። ያን ሁሉ ረቡዕ ምን ብሎ ያስረዳል?

«እንጸልይ እማማ» አለ።

ደግሞም ጸለየ። በዕድሜው እንደዚያ የጸለየበት ቀን የለም። አሌክስን በስሙ እየደጋገመ ጠራው፤ ባሕር ስለ ከፈለው፣ በአንበሶች ጉድጓድ ስለ ጠበቀው፣ ከእሳት ስላወጣው ጌታ ተናገረ፤ ለእናቲቱ የዓይን ብርሃንና የልብ ሰላም ለመነ፤ ራሱም አለቀሰ። እማማ አሰገደች ትከሻቸው ዝቅ ዝቅ እያለ፣ ፊታቸው እየተፈታ ሄደ። ሲጨርስ ተነሥተው አቀፉት። «ተመስገን» አሉ፤ «በቃ፣ መልሴን ሰማሁ።» ጃንጥላቸውን ይዘው ወረዱ። እሱ ጠረጴዛው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ቆየ። ለራሱ ሊጸልይ ሞከረና አስጠላው።

ቅዳሜ ሊነጋጋ ሲል በእማማ አሰገደች ግቢ በር ላይ ተሰበሰቡ። አቶ ወልደጻድቅ፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎች፣ ጎረቤቶች፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አቶ ወልደጻድቅ ውሃ የሚይዝ፣ ወገብ የሚይዝ፣ አጠገባቸው የሚሆን ብለው ሰው መደቡ። «ወሬው ትናንት ነው የደረሰን ይባላል» ብለው በሹክሹክታ አስጠነቀቁ። «ሌላ ዝርዝር የለም። ተግባባን?»

በሩን የከፈቱት ራሳቸው እማማ አሰገደች ናቸው። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ተገልጠዋል። የቆመውን ሰው ከዳር እስከ ዳር አዩት፤ ማንም አፉን ሳይከፍት ገባቸው። በሩን ይዘው ቆሙ።

«አሌክስ ነው» አሉ። ሽፈራውን አዩት። «ፓስተር፣ አሌክስ ነው?»

«አዎ እማማ። አሌክስ አርፏል።»

«መቼ?»

«ትናንት ነው ወሬው...» ብለው አቶ ወልደጻድቅ ጀመሩ።

«በሰኔ» አለ ሽፈራው።

ለምን እንዳለው አያውቅም፤ ያን ጠዋት ሊዋሽ አቃተው። አቶ ወልደጻድቅ ክንዱን ቆነጠጡት፤ ዘግይቷል። እማማ አሰገደች ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ሰኔ» አሉ፣ «ሰኔ፣ ሐምሌ...» ከዚያ ወደ ፓስተሩ ቀና ብለው ትንሽ አዩት። ጩኸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሴቶቹ ያዟቸው፣ ማኅደር ከውስጥ ሮጣ ወጥታ እግራቸው ላይ ወደቀች፣ የእሷም የታፈነ ልቅሶ አብሮ ፈነዳ፤ ሰፈሩ ሁሉ ነቃ።

የእድሩ ድንኳን መንገዱን ዘግቶ ተተከለ። ሰው ከየአቅጣጫው ጎረፈ፤ ከሆሳዕና ሁለት መኪና ሙሉ ዘመድ ገባ። ሽፈራው ጠዋትም ማታም ይመጣል፤ ቃል ያካፍላል፣ ሰው ያስቀምጣል፣ ወንበር ያነሣል። እማማ አሰገደች አያናግሩትም፤ አይቆጡትምም። ማኅደርን አቅፈው «ለዓይኔ ብለሽ ነው፣ አውቃለሁ» ሲሉ ሰምቷል። ጎረቤቶቹን አንድ በአንድ ይቅር ብለዋል። እሱ ተራውን ጠበቀ።

በሦስተኛው ቀን ወደ ማታ፣ ሰው ራት ሊቀርብለት ሲል፣ አቶ ወልደጻድቅ «ፓስተር፣ በጸሎት ይዝጉልን» አሉ። ሽፈራው ሊነሣ ሲል እማማ አሰገደች ከፍራሻቸው ላይ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ፓስተር። ወደዚህ ይቅረቡ።»

አጠገባቸው ተንበረከከ። ድምፃቸው ከልቅሶ ብዛት ሻክሯል፤ ከአጠገባቸው ካለችው ከማኅደር በቀር ማንም አልሰማቸውም።

«ማኅደር ዋሸችኝ፤ ይቅር ብያታለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ዋሸኝ፤ እኔም በጊዜዬ ስንቱን ዋሽቼ አርድቻለሁ፣ ወጋችን ነው። እነሱ ሁሉ የዋሹት እኔን ነው።»

«እማማ፣ እኔም...»

«ይስሙኝ። እርስዎ ረቡዕ ረቡዕ የሚያናግሩት እኔን አልነበረም። እኔማ አጠገብዎ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ አሜን የምል ነበርኩ። የሚያናግሩት ጌታን ነው። ልጄን የወሰደው ደግሞ እሱ ነው፤ ያውቃል፤ ማወቁንም እርስዎ ያውቃሉ።» ትንፋሽ ወሰዱ። ቁጣ ፊታቸው ላይ የለም፤ የጨነቀው ሰው የሚጠይቀውን ነው የሚጠይቁት። «ታዲያ ይሰማኛል ብለው የሚያምኑ ቢሆን፣ ለሞተ ልጅ ጨጓራ ይጸልዩ ነበር?»

ሽፈራው መጽሐፍ ቅዱሱን ከዳር እስከ ዳር በሐሳቡ ገለጠ። ማኅደር አንገቷን ደፋች።

«በሉ ይነሡ» አሉት እማማ አሰገደች። «ይጸልዩ። ሰው ርቦታል።»

ተነሣ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ቆመ፣ ራሱን ዘንበል አደረገ። ሽፈራው ዓይኑን ጨፈነ።

«አባት ሆይ» አለ።

ሌላ ጊዜ ከዚህች ቃል በኋላ የቀረው በራሱ ይመጣል፤ መገናኛ ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ተሰልፎ ይቆይለት ነበር። አሁን ምንም አልመጣም። የመጣው ፍርሃት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያገለግል፣ የሚሰማው እንዳለ ያወቀው በዚያች ሰዓት ነው። ቅርብ ነበር፤ አጠገቡ ነበር፤ ረቡዕን ሁሉ አንድም ሳይቀር ሰምቶታል። ሽፈራው አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው።

ዝናቡ ድንኳኑን ይመታል። አንድ ሰው ሳለ። ዝምታው ሲረዝም አቶ ወልደጻድቅ፣ ጴንጤዎች በልባቸው ጸልየው የሚጨርሱበት ሥርዓት ይኖራቸው ይሆናል ብለው አሰቡና ጮክ ብለው «አሜን» አሉ። ሰዉም ተከትሏቸው አሜን አለ፣ ወንበሩን ሳበ፣ የእጅ ውሃ መዞር ጀመረ። እማማ አሰገደች ብቻ አሜን ሳይሉ ቀሩ።